የቦዩ ውሃ ቀለም

«ሱሌማ! ቫልቩን አዙሪው! ቶሎ በይ፣ መኪናዋ በር ላይ ደርሳለች!»

ሱሌማ የአባቷን ጩኸት ሰምታ ዳቦዋን እንደጎረሰች ወደ ጓሮ ሮጠች። ሥራውን ታውቀዋለች። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ከጂንስ ማጠቢያ ማሽኖቻቸው የሚወጣውን ሰማያዊ ውሃ ወደ ማጣሪያው ገንዳ የምትመልሰው እሷ ናት። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ መልሳ ወደ ድብቁ ቱቦ ትለቀዋለች፤ ቱቦውም ከቤታቸው ኋላ ወዳለው የመስኖ ቦይ ያወርደዋል። ማጣሪያው መድኃኒትና መብራት ይበላል። አባቷ ሴጉንዶ «ለታይታ ይበቃል» ይላል።

ዛሬ ግን እጇ ቫልቩ ላይ እንዳለ የክፍል ጓደኛዋ ማይራ ትዝ አለቻት። የማይራ ቤተሰቦች ከቦዩ በታች ሰላጣ ያመርታሉ።

«አምባቶ ገበያ ላይ ገዢዎቹ ሰላጣችንን ገልብጠው አዩና ወረወሩት» ብላት ነበር ትናንት። «ሥሩ ሰማያዊ ነው አሉ። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጣች። እናንተ ናችሁ እንዴ ቀለሙን የምትለቁት?»

«ኧረ በናትሽ! እኛ እኮ ማጣሪያ አለን።»

ማይራ አመነቻት። ማመኗ ነው ሱሌማን ሌሊቱን ሲያገላብጣት ያደረው።

ቢሆንም ቫልቩን አዞረችው።

ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር ግላዲስ የላስቲክ ቦቲ ያጠለቀች አጭር ሴት ናት። ሴጉንዶ እጁን እያሻሸ ተቀበላት።

«ምነው ጠፉ ኢንጂነር! ውሃችን እኮ ካልጎበኙት ይከፋዋል!»

ግላዲስ ፈገግ ብላ ከገንዳው ውሃ ቀዳች፤ ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና ዕቃዋን ሰበሰበች። ከዚያ ቀና ብላ «ወደ ቦዩ የሚያስወርድ መንገድ አለ?» አለች።

«ገደል ነው እባክዎ! በዚህ ዝናብ ፍየል እንኳ አትወርድበትም።»

ሱሌማ ወደ ሠራተኞቹ ዞረች። ሱሪ የምታጥፈውን ኤልቪያን አየቻት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ማጠቢያ ቤቱ ቢታሸግስ? ኤልቪያ አቀረቀረች።

«እኔ እወርድበታለሁ» አለች ሱሌማ። ቃሉ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያው ግን «ይከተሉኝ፣ በዚህ ነው» ብላ ጨመረች።

የአባቷ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ታች የቱቦው አፍ ገና ያንጠባጥባል። የቦዩ ድንጋዮች እንደ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሰማያዊ ሆነዋል። ግላዲስ ፎቶ አነሳች። ስትመለስ ግን ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ዶን ሴጉንዶ፣ ይህ ቱቦ እስኪነሳ ማሽን አይነሳም። እምቢ ካሉ በሩን አሽጋለሁ።»

ማታ ሴጉንዶ ሾርባውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«ማይራን ዋሸኋት አባዬ። ዓይኗን እያየሁ።»

«ማይራ ናት ዳቦ የምታበላሽ?»

«እሷንስ ማን ያብላት?»

ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ሱሌማ ይመታኛል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። አልመታትም፤ ቢመታት ይቀላት ነበር።

ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ ሠራተኞቹ ሥራ ፈተው በር ላይ ተቀምጠዋል።

«የኢንጂነሯ ረዳት መጣች! ደሞዛችንን አንቺ ትከፍይናለሽ?» አለ አንዱ። ሌላው ሳቀ። ኤልቪያ አልሳቀችም፤ አላናገረቻትምም።

ሱሌማ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ከጓሮ የብረት ፍትጊያ ድምፅ ሰማች። አባቷ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ቆሟል፤ ቱቦውን በመጋዝ ይቆርጣል። ቱቦው እየተወዛወዘ መጋዙን ያንሸራትታል።

«ትምህርት ቤት ሂጂ» አለ ሳያያት።

ከኮረብታው ማዶ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ሱሌማ ቦርሳዋን ሣሩ ላይ ጣለች፣ ጫማዋን አወለቀችና ገባች። ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። የቱቦውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።

ሴጉንዶ መጋዙን ለአፍታ አቆመ።

«አጥብቀሽ ያዢው» አለ።