ሃያ ዘጠኙ ጭረቶች

«ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ!» ውብነሽ የጩቤው እጀታ ላይ ያሉትን ጭረቶች በጥፍሯ ቆጥራ ቀና አለች። «አያትህ ሃያ ዘጠኝ ጠላት ገደሉ?»

«ታዲያስ!» አለ ጁነይዲ ደረቱን ነፍቶ። «በያንዳንዱ አንድ ጭረት!»

«እስቲ ወላሂ በል።»

ጁነይዲ ድንገት ሳል ያዘው። «ምን፣ አታምኚኝም እንዴ?»

አመነችው። ጓደኛዋ ነው፣ ለምን አታምነው! ወረቀቷን አውጥታ በቁም ጽሕፈት «አቶ ሷሊህ ሃያ ዘጠኝ ጠላት የቆጠሩበት ጩቤ» ብላ ጻፈች።

ውብነሽ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ጩቤ ትሰበስባለች። አዎ፣ ጩቤ! የአርብ ገበያ ሴቶች እናቷን ባገኙ ቁጥር «ይቺ ልጅሽ ልትሸፍት ነው መሰል» ይሏታል። ውብነሽ እቴ፣ ደንታም የላት! በጣሊያን ጊዜ አርበኛ የታጠቀውን፣ ያገር ቀጥቃጭ በእጁ የሠራውን ጩቤ ስታይ ዐይኗ ይበራል። የፋብሪካ ሳንጃ በነጻ ቢሰጧትም አትወስድ። መዶሻው ያረፈበትን በጣቷ ትዳብስና «ይሄ ከማረሻ ነው፤ ይሄ ከካሚዮን ባሌስትራ ነው» ትላለች። አርበኛ የነበሩ ሽማግሌዎች ጩቤያቸውን የሚሰጧት አቤቱታና ደብዳቤ ስለምትጽፍላቸው ነው። እንዲህ እያለች አሥራ አንድ አድርሳለች። አሥራ ሁለተኛው የጁነይዲ አያት ጩቤ ነው፤ እሱ ግን በውሰት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ በማግስቱም ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ የድል በዓል። መምህር አድማሱ ጩቤዎቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጠረጴዛ ላይ እንዲደረደሩ ፈቅደዋል። ከሁሉ የበለጠውን መርጣ ታሪኩን በሕዝብ ፊት የምታነበውም ውብነሽ ራሷ ናት። የመረጠችው ደግሞ ይህንኑ ባለ ሃያ ዘጠኝ ጭረት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፤ የቀጥቃጩ ስም። ጁነይዲን ብትጠይቀው «እንጃ» አለ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ አያቱ ሄደች።

አባባ ሷሊህ ልብስ ሰፊ ናቸው። ገበያው ዳር፣ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ።

«ደህና ዋሉ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጩቤ ሰብሳቢዋ! የኔንም ወሰድሽው አሉ። ለመሆኑ ምን ብለሽ ጻፍሽለት? እስቲ አንብቢልኝ።»

ውብነሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበችላቸው። መኪናው ቀጥ አለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሃያ ዘጠኝ? ያ አላህ! ሃያ ዘጠኝ ገድዬ ቢሆን ጃንሆይ እዚህ ቁልፍ ስተክል ዝም ብለው ያዩኝ ነበር?»

«ታዲያ ጭረቱ ምንድን ነው?» አለች ውብነሽ ፊቷ ቀልቶ።

«ረመዷን ነዋ!» አሉ። «ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በበሽሎ ገደል ዋሻ ውስጥ ነበርን። ከጓዱ መሀል እስላም እኔ ብቻ ነኝ። ቀኑ እንዳይጠፋብኝ ማታ ማታ ባፈጠርኩ ቁጥር አንድ ጭረት እጭራለሁ። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ ጨረቃዋን መፈለግ አለብኝ፤ ከታየች ጾሙ ይፈታል፣ ካልታየች ሠላሳ ይሞላል። ጉሙ ግን የገዛ እጅሽን አያሳይም።»

«እና ምን አደረጉ?»

«የድጓ አገር የቤተ ልሔም ሰው፣ መሪጌታ ተክለሃይማኖት የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። በባሕረ ሐሳቡ በጣቱ አስልቶ አስልቶ ‹ሷሊህ፣ ጨረቃ ዛሬ ትወጣለች› አለኝ። ‹እኛ በዐይናችን ካላየን አንፈታም› አልኩት። ‹እንግዲያው ና እንያት!› አይለኝ መሰለሽ? ከጉሙ በላይ ያለው አምባው ብቻ ነው። አምባው ላይ ደግሞ ጣሊያን ሰፍሯል። በሆዳችን እየተሳብን ወጣን፤ ዘበኛው ሲያስል ይሰማኛል። ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ስትል መሪጌታ ‹ያቻት!› ብሎ ሊጮህ ሲል አፉን ያዝኩት። በማግስቱ ኢድ ሆነ። ሠላሳኛ ጭረት የለም፤ ብትፈልጊም አታገኚ።»

ውብነሽ ወረቀቷን አጠፈች። «ታዲያ አልተዋጉም?»

«ተኩሻለሁ እንጂ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «የመታሁት ካለ አላህ ያውቃል። ያ ጩቤ ግን ከሽንኩርት በቀር የቆረጠው የለም። የቀጠቀጠው አዱኛ ነው፣ ነፍሱን ይማር፤ ከተቃጠለ ካሚዮን ባሌስትራ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ያን ያለሽ ጁነይዲ ነው አይደል? ልጁን እንዳታሳፍሪው። ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ምን ታውቃለች! ከሳምንት በፊት ተሻገር የሚባለው የክፍላቸው ልጅ ጁነይዲን «ያንተ አያት ደግሞ ጦርነቱን በመርፌ ነው የተዋጉት?» ብሎት ክፍሉ ሁሉ ስቋል። ያን ቀን ጁነይዲ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ሃያ ዘጠኙ ጠላት የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ወረቀቱን ብትቀይር እንደገና ይስቁበታል። ባትቀይር ደግሞ አንዱ ጩቤ ከዋሸ አሥራ አንዱን ማን ያምናቸዋል? ወይ ጣጣ!

በማግስቱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጁነይዲ ጸዓዳ ጀለቢያውን ለብሶ ጠረጴዛው አጠገብ ይንጎራደዳል። ያ ተሻገር ሳይቀር የሃያ ዘጠኙን ወሬ ሰምቶ «ጁኔ፣ ዛሬ ለአያትህ እጅ ነሣሁ» ሲለው የጁነይዲ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ውብነሽ ወደ ክፍሉ ጀርባ ጎተተችው። «ሰማሁ። ረመዷን ነው።»

ጁነይዲ መሬት መሬቱን አየ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ማለት ይሄ ነው» አለ። «አውቅ ነበር። ግን ጾም ቆጠሩ ቢባል ማን ያጨበጭባል?»

«አምባው ላይ የወጡትንስ?»

«የቱ አምባ?»

«ሳትጨርስ ነው እንዴ የሰማኸው?»

«ሁልጊዜ መሀሉ ላይ እወጣለሁ» አለ አንገቱን እያከከ።

ነገረችው። ጉሙን፣ መሪጌታውን፣ የዘበኛውን ሳል አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ጁነይዲ መጀመሪያ ሳቀ፤ አፍ መያዙ ላይ ስትደርስ ግን ሳቁን ተወ። «የኔ አያት?» አለ። «ጣሊያን አፍንጫ ሥር? ለጨረቃ?»

«ያንተ አያት።» ወረቀቱንና እስክሪብቶዋን ዘረጋችለት። «ከፈለግህ አሁን ቀይረው። ካልፈለግህ ግን የዚህን ጩቤ ታሪክ አላነብም፤ ሌላ እመርጣለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ከዚያ «ጠላት» የሚለውን ሰርዞ ከበላዩ «ቀን» ብሎ ጻፈ። ገለበጠና በጀርባው የመሪጌታውን ስም፣ አምባውን፣ የቀጥቃጩን የአዱኛን ስም ጫረበት። ጽሑፉ ተንጋዷል፤ ቢሆንም ይነበባል።

«ውብነሽ!» ብለው ተጣሩ መምህር አድማሱ። «ነይ አንብቢ!»

ውብነሽ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ከሕዝቡ መሀል አባባ ሷሊህ መነጽራቸውን ሲወለውሉ አየቻቸው። ዘወር ብላ ጩቤውን ጁነይዲ እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«ሂድ፣ አንተ አንብበው» አለችና ሄዳ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።