የቆሙት ችግኞች

የመሬት ቀያሹ ከሲሚንቶው የውሃ ገንዳ ኋላ እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከሩቅ ላየው ደክሞት አረፍ ያለ ይመስል ነበር። ጠዋት ያገኘው ዘበኛም እንደዚያ መስሎት፣ «ተነስ እንጂ ወንድሜ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ!» ብሎ ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ነው ሰውየው ወደ ጎን የተደፋው።

መርማሪዋ እንደደረሰች ሬሳውን ትታ መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። ባልደረቦቿ «አይቸኩሌ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም፤ የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ባይ ነች።

የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል። ደሙ ግን ከተቀመጠበት በኩል ሳይሆን ከገንዳው ፊት ለፊት፣ በአትክልቱ መደብ ወገን ባለው ጠርዝ ላይ ነው የደረቀው። ጫማው ሥር የጎመን ቅጠል ከጭቃ ጋር ተለውሶ ተጣብቋል። አጠገቡ ካለው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ውሃ የጠጡ የእንጨት ችካሎችና መዶሻ ይታያሉ።

ቦታው የመንግሥት ነው። ድሮ የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ነዋሪዎቹ ቆሻሻውን ጠርገው፣ አፈር ተሸክመው አምጥተው፣ መደብ መደብ አድርገው ተካፈሉት። አሁን ግማሹ ሰፈር ድስቱን የሚጥደው ከዚህ በሚለቀመው ጎመንና ካሮት ነው። የትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳም ከዚሁ ይወጣል። በሌላ በኩል አንድ ተቋራጭ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ልሥራበት ብሎ ጠይቋል። የመሬት ቢሮው ለማን እንደሚፈርድ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ ነው ቀያሹ ችካሉን ይዞ ብቅ ያለው።

በዚያ ሰፈር ደግሞ ችካል ምን እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ያለፈው ጊዜ ችካል ሲተከል ከኋላው ዶዘር መጥቶ አንድ መስመር ቤት ጠርጎ ሄዷል።

መርማሪዋ ይህን አሰላሰለች። ገዳዩ ከአትክልተኞቹ አንዱ ከሆነ ቢሮው ሌላ ሰበብ አይፈልግም፤ መሬቱ በቃ ሄደ። እውነቱን ፈልፍላ የምታወጣው እሷ ናት፤ ጦማቸውን የሚያድሩት ግን ልጆቹ ናቸው። ገና ምንም ሳታደርግ ጥፋተኛ የሆነች መሰላት።

መጀመሪያ ያናገረችው ዘበኛውን ነው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይጠመዝዛል።

«ማታ እዚህ አልነበርኩም፣ እመቤቴ» አለ ሳይጠየቅ። «ሚስቴን አሟት ሳይመሽ ወጣሁ። እኔ ብኖር ይሄ ሰው ይሞት ነበር? ከንጋት ጀምሬ ቆሜያለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንጂ ምን ይረባል!»

«ገንዳው አጠገብ ያለው የጎመን መደብ የማን ነው?»

«የኔ ነው። እንደነገሩ የያዝኩት መደብ ነው፣ አይዩት።»

እሷ ግን አየችው። ችግኞቹ ጎበጥ ጎበጥ እያሉ ያለ ሥርዓት ተተክለዋል። ለገንዳው ቀረብ ያሉት ጥቂቶቹ ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ግንዳቸው ዙሪያ አፈሩ በጣት ተጠቅጥቋል፣ ቅጠላቸው እኩሌታው በምላጭ ተቆርጧል። የጠጡት ውሃ ሰርጎ አፈሩ ከላይ ስስ ቆዳ አውጥቷል። በመደቡ ላይ አንድም የእግር ዱካ የለም።

ሁለተኛው ጡረተኛው መምህር ነበር። ሰላጣው መሃል ተንበርክኮ አረም ይነቅላል።

«ጋሼ፣ ከቀያሹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። ከዚያም የባሰ አድርጌያለሁ። ከሰዓት በኋላ ዞር ሲል ጠብቄ ችካሎቹን ነቅዬ ገንዳ ውስጥ ጣልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ የጎረምሳ ሥራ! ሊፈልጋቸው ባይመለስ ኖሮ ዛሬ ቤቱ ቁርሱን ይበላ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ ብትዪ አልከራከርሽም።»

«እርስዎ ችግኝ ሲያዛውሩ ቅጠሉን ይቆርጣሉ?»

መምህሩ በጥያቄው ግር አለው። «አልቆርጥም። ያሳዝነኛል። ሰብሳቢያችን ሁልጊዜ ይቆጡኛል፤ "ቅጠሉ ውሃውን ይጨርስበታል፣ አንተ ሰው" ይሉኛል።»

ተቋራጩ በመኪናው መጣ። ጫማው እንዳይቆሽሽ በጫፉ እየረገጠ ደረሰ።

«እህቴ፣ እኔ ከደሙ ንጹህ ነኝ» አለ። «ትናንት ከሰዓት ከሰውየው ጋር ተጨቃጭቄያለሁ፣ አልክድም። "ዋጋህን ታገኛለህ" ብዬዋለሁ። አፌ ነው፤ አፌ ምንጊዜም ከኔ ይቀድማል። አሁን ሳስበው አፌን በቆረጠው እላለሁ። ከዚያ ግን ሄድኩ፤ ሠራተኞቼ ምስክሮች ናቸው።»

«ያጨቃጨቃችሁ ምንድን ነው?»

«የሥራ ነገር ነው፣ እህቴ» አለና ዓይኑን ሰበረ። መርማሪዋ አላጣደፈችውም፤ መልሱን ለኋላ አቆየችው።

በመጨረሻ ወደ አትክልተኞቹ ሰብሳቢ ሄደች። ባልቴቷ መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ማጠጫ ይወለውላሉ። ዶዘሩ ከጠረጋቸው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነበር። የሰፈሩን ቆሻሻ ያስጠረጉት፣ መደብ ያከፋፈሉት፣ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ትናንት መቼ ነበር እዚህ የመጡት?»

«በእኩለ ቀን ልጄ፤ ከዚያ ወገቤን ይዞኝ ቤቴ ተኛሁ።»

«በዚያ ፀሐይ ምን ይሠሩ ነበር? ችግኝ ይተክሉ ነበር?»

ባልቴቷ ሳያስቡት ሳቅ አሉ። «ኧረ በስማም! ችግኝ በጠራራ ፀሐይ ይተከላል እንዴ? ወዲያው ተልፈስፍሶ ይተኛል እኮ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚተከለው፤ ሌሊቱን ያድርበትና ጠዋት ቆሞ ታገኚዋለሽ።» ይህን ብለው ድንገት ወደ ውሃ ማጠጫው አቀረቀሩ። በጨርቁ አጥብቀው ይፈትጉት ጀመር።

ሬሳውን ካየው ሐኪም መልስ ሲደርሳት አራቱንም ወደ መሣሪያ ቤቱ ጠራቻቸው። በዶማና በእጅ ጋሪ መሃል፣ በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው ብቻ በሩ ላይ ቆመ።

«ሁላችሁንም አነጋግሬያለሁ» አለች። «ከአንዳችሁ በቀር ሁላችሁም ራሳችሁን ወቅሳችኋል። እንዲህ ያለ ምርመራ ገጥሞኝ አያውቅም። ሐኪሙ እንደሚለው ሰውየው እንደተመታ አልሞተም። የገደለው ጭንቅላቱ ውስጥ ቀስ እያለ የፈሰሰው ደም ነው። ተነስቶ ሊሄድ፣ ሊናገርም ይችል ነበር። ለዚህ ነው ደሙ ከገንዳው ፊት፣ እሱ ከገንዳው ኋላ የተገኘው።»

«ታዲያ ማን መታው?» አለ ተቋራጩ።

«ቀስ ይበሉ። ጫማው ሥር ጎመን አለ። ስለዚህ የዘበኛውን መደብ ረግጧል፤ እዚያው ግብግብ ገጥሞ ወደ ኋላው ገንዳው ላይ ወድቋል። መደቡ ላይ ግን ዱካ የለም፤ የተረገጡት ችግኞች ተነስተው ተተክለዋል። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ጎመን አይተክልም። የተከለው ሰው ቀያሹ መሞቱን አላወቀም ማለት ነው። ሄዷል ብሎ አምኗል።»

መምህሩ ቀና አለ። ሰብሳቢዋ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ተቋራጩ የወደቀ ችግኝ ቢያይ ተራምዶት ያልፋል፤ አይቀየሙኝ። የወደቀ ችግኝ አይቶ ማለፍ የማይችል አትክልተኛ ብቻ ነው። ችግኞቹ አልጠወለጉም፣ አፈሩም ቆዳ አውጥቷል። በእኩለ ቀን ቢተከሉ ይተኙ ነበር፤ ዛሬ ንጋት ላይ ቢሆን አፈሩ ገና ጭቃ ነው። የተተከሉት ትናንት ሲመሽ ነው። ዘበኛው እንዲህ አይተክልም፤ የቀረው መደቡ ይመሰክራል። መምህሩ ደግሞ ቅጠል አይቆርጥም። ቅጠሉን እኩሌታ ቆርጦ፣ አፈሩን በጣቱ ጠቅጥቆ የሚተክል እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉንም መደቦች ዞሬ አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«እትዬ አይደሉም!» አለ መምህሩ ከመቀመጫው ተነስቶ። «እኔ ነኝ ብዬሻለሁ እኮ!»

«ተቀመጥ አንተ ሰው» አሉ ሰብሳቢዋ በለሆሳስ። «ይበቃል።»

ውሃ ማጠጫውን ከጭናቸው አውርደው መሬት አስቀመጡት።

«ሲመሽ ላጠጣ መጣሁ። ችካሎቹን ከገንዳው እያወጣ ነው። አንዱን በዘበኛው መደብ ዳር ሊመታ ሲል መዶሻውን ያዝኩት። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ። ቤቴ ሲፈርስ የጮህኩት ጩኸት መጣብኝ። ገፋሁት። ወደቀ። ወዲያው ተነስቶ ጭንቅላቱን ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ "ምንም አልሆንኩም፣ ይሂዱ ይመሽብዎታል" አለኝ። ፊቱን ሊታጠብ መሰለኝ ከረጢቱን ይዞ ገንዳውን ዞረ። ከዚያ ድምፁን ስላጣሁ ሄደ አልኩ። ጎንበስ ስል ችግኞቹ ተረጋግጠዋል። አንጀቴን በሉት። እነሱን አነሳሁ። እኔ ጎመን ሳነሳ ሰውየው ከገንዳው ኋላ ብቻውን… ጠዋት ስሰማ እውነቱን ልናገር ነበር። በኔ ጦስ መሬቱ ይሄዳል፣ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ ብዬ ዋሸሁ። የገፋሁትም መሬቱን ሊወስድብን ነው የመጣው ብዬ ነው ልጄ!»

መርማሪዋ ወደ ተቋራጩ ዞረች። «አሁን መልሴን ይስጡኝ። ችካሉ ለእርስዎ ሕንፃ ከሆነ ቀያሹን አገላብጠው ሊስሙት ይገባ ነበር። ምን አጣላችሁ?»

ተቋራጩ ላቡን ጠረገ። «ለኔ አልነበረም» አለ። «ቢሮው ለእነሱ ፈርዷል። መሬቱ የአትክልት ቦታ ሆኖ እንዲቀር ወስኗል። ሰውየው የመጣው ማንም እንዳይነካው ዙሪያውን በችካል ሊከልልላቸው ነው። ውሳኔው በይፋ እስኪነገር እንዳይናገር ታዟል። እኔ ከውስጥ ሰው ሰምቼ ነው የተናደድኩት።»

ዘበኛው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ።

«ብሎኝ ነበር» አሉ ሰብሳቢዋ ቀስ ብለው። «መዶሻውን ስጎትት፣ "ይታገሱኝ እናቴ፣ ነገ ይመርቁኛል" ብሎኝ ነበር። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ… እሱን ስሰማ ነው የገፋሁት።»

ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዞሬ ባየው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። መዋሸት ቢቻላት ያን ጊዜ ትዋሽ ነበር። «ሐኪሙ ይተርፍ ነበር አላለም» አለች። «አይተርፍም ነበርም አላለም።»

ባልቴቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲወጡ መምህሩ ክንዳቸውን ሊደግፍ ሞከረ፤ እጁን በቀስታ መለሱለት። ለምርመራው የማያስፈልገውን አንድ ችካል መርማሪዋን ለምነው ወሰዱና፣ ቀያሹ ሊመታው በጀመረው ቦታ፣ በዘበኛው መደብ ዳር ቆሙ። በድንጋይ እየመቱ ተከሉት። አጥብቀው መቱት፤ ማንም አልከለከላቸውም።

ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ከቆሙት ችግኞች አንዱን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ሳብ አደረጉት። ችግኙ ንቅንቅ አላለም።

«አፈሩን ይዘዋል» አሉ። ከዚያ ያን ሁሉ ሰዓት ያልመጣው ዕንባ መጣ፤ መደቡ ዳር ተቀምጠው ምርር ብለው አለቀሱ።