ያልተደገመው ቆጠራ

መነጽሩ አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳይ ነበር።

ይዞት የመጣው አንድ መሬት ቀያሽ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መነጽር ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን እንደ ታመመ ድመት በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ጫማው ላይ ጭቃ ደርቆበታል። ሌንስ የምትሞርደው መነጽር ሠሪ ማሽኑን አጥፍታ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ የመጣበት ጉዳይ ለጥቂት ጊዜ የጠፋው መሰለ።

«ድንጋይ ላይ ወደቀብኝ» አላት በመጨረሻ። «ይኸው ባለፈው ቅዳሜ አርባ ዳክዬ አይቼ ሰማንያ ጻፍኩ።»

«ታዲያ ምን ጎደለብህ? ተረፈህ እንጂ።»

«ጋሼ ሊገድሉኝ ነበር።»

ጋሼ ማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። አራት ጥቃቅን ብሎኖች ፈታች፤ ከቦታው የተንሸራተተውን የውስጥ መስታወት በመቆንጠጫ መለሰችው፤ አቧራውን ጠረገች። ከዚያ በር ላይ አውጥታ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ እንዲያይ ነገረችው።

«አሁን ስንት ነው?»

«አንድ» አለና መነጽሩን ቀስ ብሎ ወደ እሷ አዞረ።

«በዚህ ቅርበት የሚታይህ ድፍርስ ብቻ ነው።»

«ድፍርሱም ደስ ይላል» አላት።

ሳቋ አመለጣት። እሱም የልብ ልብ ተሰማውና፣ ፋርማሲ ወፍ ስላልሆነ መነጽሩ በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጠው ግድቡ ዳር እንደሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋትም ወፍ የሚቆጥሩ ሰዎች እዚያ እንደሚሰበሰቡ አወራላት። ሥራዋን ሠርታ የጨረሰች ሰው ለማረጋገጥ ሦስት ኪሎ ሜትር መሄድ ምን አስፈለጋት? አያስፈልጋትም። ግን «እሺ» አለች።

ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀኗ ነበር፤ የአባቷም ቀን። አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ከዳር ወደ መሃል እየጨለመ ሄዶ፣ የሰው ፊት የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቁ ያህል ነው። የከተማውን ሰው ዓይን ሁሉ የምታስተካክል ልጅ ለገዛ አባቷ የሚሆን ሌንስ አጣች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላ እህት ወንድም የላትም።

«ሂጂ እንጂ» አሉ አባቷ። «እኔን ወፍ አይወስደኝ።»

ሄደች። ዝናቡ አባርቶ መጸው ገብቷል፤ ግድቡ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዳክዬዎች መሃሉ ላይ ተኮልኩለዋል። ከውኃው በላይ እርሻው ዳገቱን ይዞ ይወጣል፤ አዝመራው በታጨደበት ማሳ ላይ ሽመላዎች፣ እጃቸውን ወደኋላ እንዳጣመሩ ጡረተኛ ዳኞች፣ ይንጎራደዳሉ። የተሰበሰቡት ሰባት ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ጋሼ የሚባሉት የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድና አንድ እርሳስ አደሉ።

«ደንቡን ላዲሷ ልንገራት» አሉ ጋሼ። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትቆማላችሁ። በየራሳችሁ ትቆጥራላችሁ፣ በየካርዳችሁ ትጽፋላችሁ፤ አፍ አይከፈትም። ከዚያ ካርድ ትለዋወጣላችሁ። ልክ ከሆነ ‹ተመሳስሏል› ነው። ካልሆነ ማን ተሳሳተ የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ‹ይደገም› ትላላችሁ፤ ሁለታችሁም ከአንድ ትጀምራላችሁ።»

ከቀያሹ ጋር ቆመች። እሷ ስድሳ ሦስት ጻፈች፣ እሱ ሃምሳ ስምንት።

«ይደገም» አለ ቀያሹ።

ደገሙት። ሁለቱም ስድሳ ጻፉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም አልገጠመም፤ ተደገመ። በሌላውም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቆጠራ ሁልጊዜ ይፋለሳል፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። ከሰባቱ አንዷ የነበረችው ነርስ፣ «እነዚህ ልጆች ቁጥር የሚገባቸው ከረፈደ በኋላ ነው» እያለች ታሾፍባቸው ጀመር።

እውነቱን መነጽር ሠሪዋ ታውቃለች። በሁለተኛው ቅዳሜ አርባ አራት ቆጥራ አርባ ስድስት ነበር የጻፈችው። ሁለት የሌሉ ዳክዬዎች ጨመረች። ቆጠራው ሲደገም ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ትከሻው ትከሻዋን እየነካ፣ እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር ትንፋሹን እየሰማች ትቆማለች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጨመረች። አላፈረችበትም።

እንዲህ እያሉ ሦስት መጸው አለፈ። ከግድቡ ወደ ዳገቱ ሲወጡ ሆን ብለው ከሰዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጭልፊት አየር ላይ ስትቆም ያሳያታል፤ እሷ ብርድ የማይችለውን እጁን በእጇ ታሽለታለች። እሁድ እሁድ ቤታቸው እየመጣ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና፣ የአባቷን ጣት ይዞ በአዲሶቹ መንገዶች ላይ ያስኬድላቸዋል። «እዚህ ጋ መታጠፊያው ጠባብ ነው» ይላሉ አባቷ፤ «ፍሬን ቀስ አድርገህ ነው የምትይዘው»። እሁድ ከዘገየ ደግሞ፣ «ያ ወፍ ቆጣሪ ዛሬ ቀረ እንዴ?» እያሉ በሩን ያዳምጣሉ።

በሦስተኛው መጸው መጨረሻ ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር፣ ቀያሹ ያለወትሮው መነጽሩን ወደ ሰማይ ሳያነሳ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ደብዳቤ መጣልኝ። ከባሕር ማዶ። ትልቅ ግድብ ሊሠራ ነው፤ ሸለቆውን እንድቀይስላቸው ጠርተውኛል። አራት ዓመት ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጠን ብለዋል።»

እንዲህ ያለ ሥራ ከተማሪነቱ ጀምሮ የተመኘው ነው፤ ስንት ጊዜ አውርቶላታል። እሷ አባቷን ጥላ የትም እንደማትሄድ ደግሞ እሱ ያውቃል። «አብረን እንሂድ» የሚል ቃል ስለዚህ በመሃላቸው አልተነሳም።

«ምን ትያለሽ?»

«አንተስ?»

«እኔ ቀድሜ ብናገር አንቺን መጫን ይሆንብኛል። አንቺ ብትቀድሚ ደግሞ እኔ ያንኑ ነው የምለው፤ አውቀዋለሁ ራሴን።» ከኪሱ ሁለት ካርድ አወጣ። «በጋሼ ደንብ እናድርገው። መሄድ ወይም መቅረት። ጽፈን እንለዋወጥ።»

ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። እርሳሷን ይዛ ከታች ያለውን ውኃ ስታይ እናቷ ትዝ አለቻት። አባቷ በወጣትነታቸው ድንበር ለሚያቋርጠው አውቶቡስ ተመርጠው ነበር። እናቷ «አትሂድ» አለች፤ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሸሚዝ ሳይተኮስ በቀረ ቁጥር፣ «ባንቺ የተነሳ ነው እንጂ እኔማ…» የምትል ነገር ከአፋቸው ትወጣለች። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ነገሯ ግን ከእነሱ ጋር ቤቱ ውስጥ አብራ አረጀች። መነጽር ሠሪዋ ያችን ነገር ከዚህ ሰው አፍ ከምትሰማ መሞት ይሻላታል።

ደግሞ ሌላም ነገር አሰበች። እኔ «ሂድ» ልጻፍ። እሱ መቅረት ፈልጎ ከሆነ ካርዱ አይገጥምም፤ ይደገማል። ያኔ እውነቱን እጽፋለሁ። የሌሉ ዳክዬዎች ስትጨምር እንደኖረች ሁሉ፣ አሁንም የመጀመሪያው ቆጠራ ቢፋለስ ሁለተኛው ልክ ይመጣል ብላ አመነች።

«ሂድ» ብላ ጻፈችና ካርዷን ሰጠችው።

አነበበው። አጭር ቃል ነው፤ እሱ ግን ረጅም ደብዳቤ የሚያነብ ያህል ቆየበት። ከዚያ የራሱን ካርድ ወደ ደረቱ አዙሮ፣ አጥፎ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ተመሳስሏል» አላት።

ደንቡ መለዋወጥ ነው። እጇን ዘርግታ «ካርድህን» ማለት መብቷ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሱን ቁጥር ስታምን ኖራለች። ስለዚህ መሄድ ፈልጓል ማለት ነው፣ ብላ በሆዷ ያዘችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ደስ ብሎኛል።» ከዳገቱ ሲወርዱ እሱ ፊት ፊት፣ እሷ ኋላ ኋላ ሄዱ። ፊቷን እንዳያይ ነበር ወደ ኋላ የቀረችው።

ሰኞ ፈረመ። በሦስተኛው ሳምንት ሄደ።

የሄደ እለት አባቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «ማነው ሂድ ያለው?» ሲሉ ጠየቋት።

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«በኔ ምክንያት ነው?»

«አይደለም።»

አባቷ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። አጠገባቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን እየዳበሰች አብራ አለቀሰች፤ አንዳቸውም ለምን እንደሚያለቅሱ አልተነጋገሩም።

ደብዳቤዎች መጡ። ስለዚያ አገር ወፎች ነበር የሚጽፈው፤ እሷም ስለዚህኛው ግድብ ወፎች መለሰች። ሌላ ነገር መጻፍ ማን ይጀምር? ማንም አልጀመረም። አራቱ ዓመት በሌላ ሥራ ተራዘመ። ደብዳቤው ሳሳ፤ በአምስተኛው ዓመት የሠርግ ፎቶ ያለበት ፖስታ መጣ። ሙሽራዋ ደግ ፊት ነበራት። መነጽር ሠሪዋ ፎቶውን በማጉያ ሌንስ አየችው፤ የሙሽራው ኮት ያው የድሮው መሆኑን ለማረጋገጥ ይሁን ሌላ ነገር ፈልጋ፣ እሷም አታውቅም። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ለቀጣዩ ደንበኛ ሌንስ ሞረደች።

በዚያው ዓመት አባቷ አረፉ። የጋሼም ጉልበት ዳገት አልወጣ አለ፤ የካርዱን ሣጥን አስረከቧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዲስ ሰዎች ደንቡን የምትነግረው አሁን እሷ ናት። ለራሷም መነጽር ሠርታለች።

እሱ ከሄደ በስምንተኛው መጸው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካርድ ስታድል አንድ የምታውቀው እጅ ተዘረጋ።

«ለኔ ይተርፈኛል?»

ጸጉሩ ሸብቷል። አንገቱ ላይ ያንኑ መነጽር አንጠልጥሏል። እናቱን ሊጠይቅ ለሁለት ሳምንት እንደመጣ፣ ሚስቱና ልጁ እናቱ ቤት እንዳሉ ነገራት። ስለ አባቷ ጠየቃት፤ ነገረችው።

«መነጽሩ ደህና ነው?» አለችው።

«አንድ ነው የሚያሳየው። እስከ ዛሬ።»

ሌሎቹ ሰዎች ወደ ዳገቱ ወጡ። ሁለቱ እንደ ድሮው ግድቡ አጥር ላይ ተደግፈው ቆሙ።

«ያን ቀን ከልብሽ ነበር የጻፍሽው?» አላት ውኃውን እያየ።

ስምንት ዓመት የያዘችው ነገር ነው፤ ለመናገር ግን ምንም ጊዜ አልፈጀባትም። «አይደለም። ይደገማል ብዬ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ‹ልቅር› ነበር ያልኩት።»

«ተመሳስሏል አልከኝ።»

«አልኩሽ። ሂድ ካልሽኝ ምን ብዬ ‹ይደገም› እላለሁ? ሁለተኛ ብጠይቅሽ አዝነሽልኝ ‹ቅር› የምትዪኝ መሰለኝ።»

«ካርድህን ብታሳየኝ ኖሮ…»

«አውቃለሁ» አለ። «አሁን አውቃለሁ።»

እንባዋ መነጽሯን አጨለመው፤ አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው። እሱ እጁን አነሳና መልሶ አጥሩ ላይ አስቀመጠው።

«ሌላም ነገር አለ» አለ በትንሹ ፈገግ ብሎ። «ያ ሁልጊዜ የማይገጥመው ቆጠራ… እየጨመርኩ ነበር። ሦስት አራት ዳክዬ። እንዲደገም።»

መነጽር ሠሪዋ ሳቀች፤ ሳቁ መሃሉ ላይ ተሰበረ። «እኔም እጨምር ነበር» አለችው።

ካርድ ሰጠችው፤ ቆጠሩ። ነፋሱ ውኃውን ያሽኮረምመዋል፤ እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እሷ ትንፋሹን እየሰማች። ትከሻቸው አልተነካካም። እሷ ቆጥራ ስትጨርስ እርሳሷ ካርዱ ላይ ቆመ። ሁለት ዳክዬ ብቻ ብትጨምር ሃያ ደቂቃ ታገኛለች። እናቱ ቤት ያለችውን ደግ ፊት ያላትን ሴት አሰበች። ያየችውን ጻፈች።

ካርድ ተለዋወጡ። የሷ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ይላል። የሱም ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ካርዱን ይዞ ቀና አላለም። እሷም ጠበቀችው፤ አንዲት ቃል ከአንዳቸው አፍ የምትወጣ ያህል፣ ሁለቱም ሲጠብቁ ቆዩ።

«ተመሳስሏል» አለች በመጨረሻ፣ እና ካርዶቹን ሣጥኑ ውስጥ ከተተቻቸው።