የእታፈራሁ ድንጋይ

በገሞራ ከተማ ወደ ግልግል አዳራሽ የሚገባ ሰው በሩ ላይ ሳንባውን ያስፈትሻል። ቦርሳ እንደማስፈተሽ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከእሳተ ገሞራ አፍ አጠገብ፣ የምድሩን እንፋሎት ለመልቀም ስለሆነ አየሯ ድኝ ድኝ ይላል። ከእናቱ ሆድ ይዞት በወጣው ሳንባ እዚያ የከረመ ሰው የለም። ስለዚህ ነዋሪው ሁሉ «ልባስ» ያስገጥማል፤ ልባስ ማለት ደረት ውስጥ ተቀምጦ ክፉውን አየር እያጣራ የሚያስተነፍስ ሰው ሠራሽ ሳንባ ነው። ፈቃዱ የተሟላለት ፈታሿ አረንጓዴ ታበራለትና ያልፋል፤ ያልተሟላለት ከመስኮቱ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይከታተላል።

ያን ቀን ከመስኮቱ ማዶ የቆመችው ሌንሴ ገለታ ነበረች፤ ክርክሩ ስለ ራሷ ደረት ቢሆንም። የግልግል ዳኛዋ ወይዘሮ እታፈራሁ ወልደየስ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ልጅቷ መግባት ካልቻለች ድምፁ እንኳ ይድረሳት ብላ በሩ እንዲከፈት አዘዘች። መዝጊያው በራሱ እየተመለሰ ስላስቸገረ ጸሐፊው ከደጅ ጥቁር የገሞራ ድንጋይ ተሸክሞ አመጣና ደገፈው።

ነገሩ ውስብስብ አልነበረም። የሌንሴ ልባስ አሮጌ ነው፤ «ጽሩይ» የተባለው ሠሪው ኩባንያ ያንን ዓይነት መጠገን ካቆመ ቆይቷል። ልባሱ ተደፍኖ ከንፈሯ ሲጠቁር፣ የእንፋሎት ቧንቧ ሠራተኛ የሆነው ወንድሟ ኢብሳ ለቧንቧ ማጣሪያ የሚጠቀምበትን ስስ ገለፈት ቆርጦ ውስጡን ተካላት። ዳነች። ጽሩይም ፈጠራዬ ያለፈቃድ ተቀድቷል፣ ልባሱ ከርቀት ይዘጋልኝ ብሎ ከሰሰ። መዝጋት ማለት ለሌንሴ ምን ማለት እንደሆነ ክሱ ላይ አልተጻፈም።

እታፈራሁ ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚሁ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃ፣ ኋላ የግልግል ዳኛ ሆና። ስሟን ያስጠራው «መጠገን መቅዳት አይደለም» ያለችበት ፍርድ ነበር፤ ወጣት ጠበቆች በቃላቸው ይወጡታል። የጽሩይ ጠበቃ ፍሬስብሐትም ከእነሱ አንዱ ነው። ውል ማርቀቅ ያስተማረችው እሷ ናት። ዛሬ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዓይኗን ይሸሻል።

ክርክሩን ሰምታ ጨረሰችና ፍርዷን ልታሰማ ጎሮሮዋን ጠረገች። «መጠገን መቅዳት…» ከማለቷ ጠረጴዛዋ ቀላ።

የዳኛው ጠረጴዛ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፤ ባለቤት ያለው ሐሳብ ያለፈቃድ ሲነገር ይቀላል። ጠበቃ የሌላውን ፈጠራ ሲዘረዝር ይቀላል፤ ምስክር የተመዘገበ ዜማ ሲያንጎራጉር ይቀላል። ዳኛ ላይ ቀልቶ ግን አያውቅም። ተበላሽቶ ነው ብላ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ቴክኒሺያን ተጠርቶ ሆዱን ከፍቶ አየና ምንም አልሆነም ብሎ መልሶ ዘጋው።

ያኔ ፍሬስብሐት ተነሣ። የግልግል ማዕከሉ የእርስዎን «አሻራ ፍርድ» በቅርቡ ለጽሩይ ሸጧል አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አሻራ ፍርድ አንድ ዳኛ በዘመኑ ሁሉ ከሰጣቸው ፍርዶች ተጨምቆ የወጣ አኳኋኑ ነው፤ ምን እንደሚያራራው፣ የት ላይ እንደሚጨክን። «ምስለ ሰው» የሚባለው ማሽን ያንን ተምሮ፣ የሰውየውን መልክና ድምፅ ለብሶ በእሱ ፈንታ ይቀመጣል። እንግዲህ የእታፈራሁ አኳኋን የአንደኛው ተከራካሪ ንብረት ሆኗል። እንደ ራሷ ከፈረደች በተከራካሪ ንብረት ፈርዳለችና ፍርዱ ይሻራል።

ማዕከሉ የሸጠበትን ውል አምጡልኝ አላለችም። ያረቀቀችው ራሷ ናት። በጠበቃነቷ ዘመን ለሸማኔው፣ ለወጌሻው፣ ለሐኪሙ የጻፈችው ውል ነው፤ «የሠራውንም ወደፊት የሚሠራውንም» ይላል፣ አንድም ቀዳዳ የለውም። ማዕከሉ ሲቀጥራት ያንኑ ውል ዘረጋላት። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦ ይጠራጠር ነበር፤ እሷ የእጇን ሥራ በማየቷ ኮርታ፣ ሳታነበው ፈረመች። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እሷ አርቃ ነበር የማሰችው።

ሌላ መንገድ ሞከረች። ስለ ሕይወት መብት ጀመረች፤ ቀላ። ስለ ኩባንያው ግዴታ ተናገረች፤ ቀላ። ከዚህ በፊት ፈጽሞ ከአፌ አልወጣም ያለችውን ነገር ፈልጋ ጀመረች፤ እሱም ቀላ። ለካ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚናገረው ያንኑ ራሱን ነው። በመጨረሻ ለሙከራ ያህል ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ «ጽሩይ ረትቷል» ስትል ጠረጴዛው አረንጓዴ ሆነ። እንደዚያ ፈርዳ አታውቅማ። ከመስኮቱ ማዶ ሌንሴ አረንጓዴውን አይታ ፈገግ አለች። ለእሷ አረንጓዴ ማለት እለፊ ማለት ነው።

ያ ፈገግታ እታፈራሁን አንጀቷን በላው። ከወንበሯ ወረደች። ሰው ሁሉ ጥላ የምትሄድ መስሎት ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ድንጋይ ታቀፈችና ማጅራቷ ላይ ጫነችው። ሻካራ ጠርዙ ቆዳዋን ገሸለጠው። ተመልሳ ፍሬስብሐት እግር ሥር ተንበረከከች።

በአገር ወግ ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው። ሽማግሌ ይዞ የተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፤ ተበዳዩ ምሬሃለሁ ብሎ በገዛ እጁ ካላወረደለት አይነሣም። ዳኛ ተሸክሞ ግን ታይቶ አይታወቅም።

ኢብሳ ከመቀመጫው ተነሣ። «እማማ፣ ለእኔ ይስጡኝ። የተከሰስኩት እኔ ነኝ።»

«ተቀመጥ ልጄ። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ማለት ስላልቻለች ለፍሬስብሐት ጫማ ተናገረች። «ፍሬ፣ መፍረድ አልችልም፤ ከልክላችሁኛል። ልለምንህ ነው። የዚችን ልጅ ትንፋሽ ተውልኝ።»

የፍሬስብሐት አባት የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሽበት ተሸክሞት የመጣውን ድንጋይ ያላወረደ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ክስ የማንሣት ሥልጣኑም በእጁ ነበር። ድንጋዩን በሁለት እጁ ሲያወርደው ከክብደቱ የተነሣ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። «ትቼዋለሁ እትዬ» አለ።

እታፈራሁ ተደግፋ ስትነሣ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራት አየች። ሰማያዊ፣ አዲስ ነገር ተመዝግቧል ማለት ነው። ውሉ «ወደፊት የሚሠራውንም» ይል እንደነበር ትዝ አላት፤ ነገር ግን ኮሪደሩ ላይ ሌንሴና ኢብሳ ተቃቅፈው ያለቅሱ ስለነበር ወደ እነሱ ሄደች። በዚያው ሥራዋን ለቀቀች። ድንጋዩን ቤቷ ድረስ አስመጥታ በራፏ ላይ አስቀመጠችው፤ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ዋጋ ይኸው ነው እያለች ትቀልድ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ኢብሳ መጣ። ጥቁር ለብሷል። ምን ሆንክ ብላ ሳትጨርስ እጇን ይዞ ሳመው።

«ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት እማማ። እርስዎ ባይመጡልኝ አልምራቸውም ነበር።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ጽሩይ ለአሮጌ ልባሶች ሁሉ አዲስ ትእዛዝ ሲልክ አንዳንዶቹ «በስህተት» ተዘጉ። ሌንሴ ልብስ ስታጥብ ነው የወደቀችው። በሠልስቱ ኢብሳ ኩባንያውን ልከስ ብሎ ሲነሣ፣ የኩባንያው ሰዎች እታፈራሁን አስቀድመው ድንኳኑ ገቡ፤ እሷ ድንጋይ ተሸክማ፣ በእንባ። ለቀስተኛው ሁሉ ተነሣላት። ኢብሳም እንዴት እምቢ ይበል? ድንጋዩን አወረደ፤ ምሬያለሁ አለ፤ ላይከስ ቃሉን ሰጠ። በየሐዘን ቤቱም እንደዚያው እየዞረች ስትለምን መሰንበቷን ሰምቷል።

እታፈራሁ ከቤቷ ሳትወጣ ሰንብታለች። ስለ ሌንሴ መሞት የሰማችው አሁን ገና ነው።

«ልጄ፣ እኔ አልመጣሁም።»

ኢብሳ ራሱን ነቀነቀ። ደግ የሠራ ሰው ሲመሰገን እንደሚያስተባብል አድርጎ ነው የወሰደው። «ያን የግልግል ዕለትም ምን አደረግሁልህ ነው ያሉኝ።»

ነጠላዋን ገልጣ ማጅራቷን ልታሳየው ዞረች። «ጠባሳውንማ ድንኳኑ ውስጥ አየሁት እኮ» አለ በሐዘኔታ። ምን ብትል፣ ምን ብታሳየው፣ ያኛዋ ምስለ ሰው ቀድማታለች። የራሷ ሆኖ የቀረ ነገር እንዳለ ፈለገች፤ ለጊዜው አላገኘችም። ቆይታ ግን ጠየቀችው፤ «አንተ ድንጋዩን ስታወርደው እንዴት ነበር?»

«ቀለለኝ» አለ። «እኔም ገርሞኝ ነበር። ሐዘን ጉልበት ይሰጣል አልኩ።»

እታፈራሁ ግድግዳውን ይዛ ተነሣችና ወደ በራፉ አወጣችው። «እስቲ ይህን አንሣልኝ።»

ኢብሳ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሸክም ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ድንጋይ እስከ ጉልበቱ አነሣውና እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ሊያነሣው አልቻለም። ወደ ማጅራቷ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ድንጋዩ። ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠውና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማማ» አለ፣ «ታዲያ ይቅርታዬን የወሰደው ማን ነው?»

እታፈራሁ ዘመኗን ሙሉ፣ ይህ የማን ነው ለሚል ሁሉ መልስ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። አሁን ግን ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኑ ተቀመጠች።