የተፋቀው የሻንሲ ቁጥር

በሩን ዝጉትና ቀረብ ቀረብ በሉ። የማወራው የመንፈስ ነገር ነው፤ የፈራ አሁኑኑ ይውጣ። ግን ብቻውን አይውጣ።

ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ጨረቃ የለችም። ከጋራዡ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ወንዙን ታኮ ይሄዳል፤ ቤት የለበት፣ መብራት የለበት። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። ስሙ ጥላዬ ነው፤ መካኒክ ነው።

ምን ዓይነት መካኒክ? የድሮ የጦር መኪና የሚያድን። ዝገት የበላውን፣ ጥይት የበሳውን፣ ዶሮ የሚያድርበትን ካሚዮን ጎትቶ ያመጣና ነፍስ ይዘራበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ በጣቱ ዳሰስ ያደርግና "ይቺ እዚህኛው ጦርነት ላይ ነበረች" ይላል። አይሳሳትም። እጁስ ወርቅ ነበር። ልቡን እናንተው ትፈርዱታላችሁ።

በመንደሩ እትዬ ውድነሽ የሚሏት ሴት ነበረች። ባሏ ገረመው የጦር ካሚዮን ሹፌር ነበር። ስንቅ ጭኖ ወደ በረሃ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሞተ ያላት የለም፣ አለ ያላት የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ መርዶው ላልመጣ ሰው ማን ያለቅስለታል? ማን ተዝካር ያወጣለታል? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁር አልለበሰችም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እራቱን ሳታስቀምጥ አላደረችም።

ሲሄድ አንድ ነገር ብሏት ነበር። "የመኪናዬን ቁጥር ያዢ። መኪናዬ ከተገኘች እኔም ተገኘሁ ማለት ነው።" ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥሩን ግን እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አራት፣ ስምንት። ጥላዬ በደጇ ባለፈ ቁጥር ትጠይቀዋለች።

"ዛሬስ ልጄ?"

"ዛሬም የለም፣ እትዬ።"

አንድ ቀን ከበረሃው ገደል አንድ አፍንጫማ ካሚዮን ተጎትቶ መጣለት። ሹፌሩን ጅብና ምስጥ ጨርሰውታል፤ አንዲት አጥንት አልተረፈችም። ጥላዬ ጭቃውን ጠረገ። ሻንሲውን ዳሰሰ። ሰባት። ሁለት። ዜሮ። አራት። ስምንት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሮጣችሁ ትነግሯታላችሁ አይደል? እሱ አልሮጠም። የጦር ዘመን መኪና የሚሰበስብ አንድ የከተማ ሀብታም ካሚዮኗን ሊገዛ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ ከታወቀ ደግሞ መኪናዋ የመንግሥት ናት፤ ትወሰድበታለች። ስለዚህ ሞረድ አነሳ። ቁጥሩን ፋቀው። የሌላ መኪና ሊብሬ ነበረው፤ የዚያን ቁጥር በቦታው መታበት። ሞተሯን አስነሳት፣ ቀለም ቀባት። ማታ በደጇ ሲያልፍ እትዬ ውድነሽ "ዛሬስ?" አለችው። "የለም" አላት። ምላሱ እንኳ አልተያዘም።

በማግስቱ ምሽት ነው እንግዲህ በዚያ መንገድ ብቻውን የሄደው። መጀመሪያ የሞረድ ድምፅ ሰማ። ክርርር... ክርርር... ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ድምፁም ሄደ። ቀጥሎ የናፍጣና የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከባድ ጫማ አጠገቡ መራመድ ጀመረ። ከኋላው አይደለም፣ አጠገቡ። ሮጠ። ጫማው ሳይሮጥ አልተለየውም።

ከዚያ ቀዝቃዛ ጣት አንገቱ ሥር አረፈ። ጣቱ የጀርባውን አጥንት እየዳሰሰ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ልክ እሱ ሻንሲ እንደሚዳስሰው።

"ቁጥሬን ምን አደረግኸው?" አለ ድምፁ።

"ማነህ?"

"ገረመው ነኝ። መርዶዬን ንገርልኝ። ታልቅስልኝና ልረፍ።"

መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚነገር። ጥላዬም ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹን ቀስቅሶ ደጇ ቆመ። "እትዬ፣ ገረመው ሞቷል። መኪናውን አግኝቻለሁ" አላት። አልጮኸችም።

"ቁጥሩን አሳየኝ" አለች።

ወደ ጋራዡ ሄዱ። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አንድ፣ ስድስት። ጥላዬ ማለ፣ ተገዘተ፣ አለቀሰ። "ፍቄው ነው! በገዛ እጄ ፍቄው ነው!" አለ።

"ትላንት የለም ትል ነበር፤ ዛሬ ፋቅሁት ትላለህ" አሉት ሽማግሌው። "የቱን ቃልህን እንመን?"

እትዬ ውድነሽ ነጠላዋን አጣፋች። "አንተ ልጅ፣ የሰው ባል በቁሙ አትግደል" ብላው ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ እንደ ወትሮዋ እራቱን አስቀመጠች።

ማታውኑ ጣቱ ጥላዬን ጠበቀው።

"ነገርኻት?"

"ነገርኋት። አላመነችኝም።"

"እንግዲያው እስክታምንህ ድረስ ካንተ ጋር አድራለሁ" አለው።

አላመነችውም። በዚያው ክረምት ባሌ ይመጣል እንዳለች ሞተች። ጥላዬም ጀርባው ጎብጦ፣ እንቅልፍ እንዳማረው ሞተ። እኔ ለጥላዬ አላዝንም፤ ለእሷ ነው የማዝነው። ገረመው ግን አሁንም በዚያ መንገድ አለ። ከመሸ ብቻችሁን አትሂዱበት። ከሄዳችሁና ቀዝቃዛ ጣት ጀርባችሁን ከዳሰሳችሁ አትሩጡ። እዚያው ቁሙና አልቅሱለት። እስከ ዛሬ ያለቀሰለት ሰው የለም።