አራተኛው ቀስት

«አንደኛ ወጥተሽ ነው እንዲህ ደርቀሽ የቀረሽው?» አለ የክፍሉ አለቃ ምሥጋና። «ዞር በይ እንጂ፣ እኛም ውድቀታችንን እንይበት።»

ኑኃሚን ዞር አላለችም። ከስፖርት መምህሩ ቢሮ በር ጎን በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የስምንተኛ «ለ» አርባ ሁለት ተማሪዎች ስም ከነውጤታቸው በቅደም ተከተል ተጽፎበታል። ከሁሉም በላይ ያለው የእሷ ስም ነው። ኑኃሚን ኦይታ፣ ዘጠና አራት። ከቁጥሩ ጎን መምህር ታምሩ በቀይ እስክሪብቶ ኮከብ ስለዋል፤ ከኮከቡ አጠገብም «አይዞሽ» ብለው ጽፈዋል።

ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዐርብ ዕለት የፈተናው ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ምንጣፉንም አልረገጠችም።

ለስፖርት ፈተና የሚጫወቱት የዳንስ ጨዋታ ትምህርት ቤቱ የደረሰው በመስከረም ነበር፤ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት የእግር ምንጣፎች። በእያንዳንዱ ምንጣፍ ላይ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ አራት ቀስቶች አሉ። ግድግዳው ላይ ቀስት ሲበራ የዚያኑ አቅጣጫ በምቱ መርገጥ ነው። ማሽኑ የተረገጠውንና የተሳተውን ቆጥሮ ከመቶ ያሰላል፤ ውጤቱም ወደ ሠላሳ ማርክ ተለውጦ ይያዛል። መጀመሪያ ወላጆች አልተቀበሉትም ነበር። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ዘፈን ቤታቸው አይገባም። መምህር ታምሩ ወላጆችን ሰብስበው ዘፈኑን በሙሉ አውጥተው ምቱን ብቻ እንደሚተዉ ቃል ገቡ፤ እንዳሉትም አደረጉ። የኑኃሚን ጓደኛ ሳባ አባቷ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ሲመጣ አብራው ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ይህን ሰምታ፣ «የጾም ዳንስ ነዋ፣ ቅቤ የሌለው» ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

የኑኃሚን እግር መጀመሪያ ላይ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ያለማመዳት ታላቅ ወንድሟ ካሌብ ነው። አባታቸው አዲስ አበባ በሽመና ሥራ ላይ ነው፤ እናታቸው ደግሞ ያን ሰሞን የታመሙ እናቷን ልታስታምም ዶርዜ ወጥታ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ካሌብ ለባጃጁ በር ከገዛው ሰማያዊ ቀለም የተረፈውን ይዞ መጣ። በግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ርቀቱን በስንዝር እየለካ አራት ቀስቶች ቀባ። በኋለኛው ቀስት ላይ መድረቁን ለማየት አውራ ጣቱን ጫነ፤ አልደረቀም ነበርና አሻራው እዚያው ቀረ። ከዚያ ቢጫውን ጀሪካን ገልብጦ በሁለት እጁ ይመታ ጀመር።

«ግራ። ቀኝ። ኧረ የእኔ ግራ አይደለም፣ የራስሽ ግራ።»

«ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ አለ መሰለኝ፣ ምቱ አይሰማም።»

«ደፍቼዋለሁ። ሙሉ ከሆነማ መቼ ይጮኻል? ምክንያት አታብዢ፣ ርገጪ።»

በዘጠነኛው ቀን ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና የካሌብን ባጃጅ ከኋላ ገጨው። እናቱ ከዶርዜ ስትደርስ ቀብሩ ብቻ ነበር የቀረው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛው ወንበሩን በቀስቶቹ ላይ ደርድሮ ተቀመጠ። ድንኳኑ ተነሥቶ አባታቸው ወደ ሽመናው ሲመለስ እናቷ ቀስቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። ትንሽ ቆመች፤ ምንም ሳትጠይቅ ወደ ቤት ገባች።

ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ እንደለበሰ ነው። እናቷ በመዘምራን ረድፍ መቆም ትታለች፤ ከኋለኛው ወንበር ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ዓመት ሳይሞላ ከዚያ ቤት ማንም በምት እግሩን እንደማያነሣ ለኑኃሚን የነገራት የለም። መንገርም አያስፈልግም ነበር። መምህር ታምሩ፣ «እስከ ዐርብ ድረስ በፈለግሽው ቀን ተፈተኚ» ብለዋት ነበር። «ሐዘን ላይ ነኝ፣ አልችልም» ልትላቸው ሁለት ጊዜ እስከ ቢሯቸው በር ሄዳ ተመልሳለች። ዐርብ ተራዋ ሲደርስ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀምጣ ደወሉን ጠበቀች።

አሁን እዚያው ቦታ ላይ ሳባን አገኘቻት። ሳባ ብስኩቷን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ዘረጋችላት።

«አየሽው?»

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? ቲቸር ስልክ ተደውሎላቸው ወጡ። ስምሽ ሦስት ጊዜ ተጠራ፣ የለሽም። ሠላሳ ማርክ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ማሽኑ ላይ ስምሽን ጻፍኩና ምንጣፉ ላይ ወጣሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ሁሉም። ግን ማንም አያወራም፣ ለአንቺ ብለው። ምሥጋና ራሱ ፊቱን አዙሮ የመስኮት ብረት ሲቆጥር ነበር።»

ኑኃሚን ብስኩቱን አልተቀበለችም። «ዘጠና አራት እኮ ነው፣ ሳባ።»

«እሱ ላይ ተሸውጃለሁ። ሰባ ላመጣ ነበር የገባሁት፣ ማርያምን። ልስት ብል እግሬ እምቢ አለኝ። ለራሴ እንኳ ያመጣሁት ዘጠና ሁለት ነው።» ልትስቅ ጀምራ የኑኃሚንን ፊት ስታይ ተወችው። «ምን ሆንሽ? ደስ ይልሻል ብዬ ነበር።»

«ወንድሜ ከሞተ ስድስት ሳምንቱ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ አይደል እንዴ ያደረግኩት?»

«ወረቀቱ ምን ይላል? ኑኃሚን ጨፈረች ነው የሚለው። ከሁሉም አስበልጣ ጨፈረች።»

ሳባ ብስኩቱን ወደ መጠቅለያው መለሰች። «ማርኩን ብቻ ነው ያሰብኩት» አለች። «ለቲቸር ግን እንዳትነግሪያቸው። በሰው ስም የተጫወተ ሁለቱም ዜሮ ነው ብለዋል። አምና በኩረጃ ስያዝ አባዬ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ሌላ ጊዜ ከሰማ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ነው የሚመልሰኝ። አይምረኝም።»

ደወሉ ሲደወል ኑኃሚን ቀድማት ገባች።

እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ስትደርስ ጎረቤታቸው እትዬ ልክነሽ ከግቢው ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኙ። እትዬ ልክነሽ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን ግቢ ይጠርጋሉ፤ የተለጠፈ ወረቀት ሳያነቡ አያልፉም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኑኃሚንዬ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «በጭፈራ ከሁሉም በልጠሻል። ለእናትሽም ነግሬያታለሁ፤ ከሌላ ከምትሰማው ብዬ ነው።»

እናቷ አገርነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለምሳ የሚቀቀል የሀለኮ ቅጠል ከዘንጉ ላይ እየመለመለች ሳፋ ውስጥ ትጥላለች። ቀና አላለችም።

«ጨፈርሽ?»

«አልጨፈርኩም።»

«ስምሽ ተለጥፏል።»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

ሳባ በለቅሶው ሰሞን ሰባት ቀን ሙሉ ከዚህ ግቢ አልወጣችም። ብርጭቆ አጥባለች፤ ለሽማግሌዎቹ ውሃ አቅርባለች። የኑኃሚን እናት እስከ ዛሬ «ልጄ» ብላ ነው የምትጠራት። የሳባን ስም ብትሰማ ነጠላዋን አንሥታ በቀጥታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ኑኃሚን መሬት መሬት አየች።

እናቷ የያዘችውን ዘንግ መልምላ ጨረሰች። «ካሌብ ሲሞት እኔ አልነበርኩም» አለች። «አንቺ ነበርሽ። ሐዘኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር።» ከዚያ በኋላ ያን ቀን አላናገረቻትም።

በማግሥቱ ኑኃሚን ደወል ሳይደወል የመምህር ታምሩን በር አንኳኳች። ተቀመጪ አሏት፤ አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ዘጠና አራቱ የእኔ አይደለም። ዐርብ አልተፈተንኩም።»

መምህር ታምሩ ላፕቶፑን ከፈቱ። ማሽኑ እያንዳንዱ ውጤት የተመዘገበበትን ሰዓት ይይዛል። ጣታቸው በዝርዝሩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ተመልሶ ቆመ። ዘጠና ሁለት፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ዘጠና አራት። ላፕቶፑን ዘጉት።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ሌላ ፈተና እሰጥሽ ነበር።»

«መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ።»

«ሐዘኑ ቀለል ያለልሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። ለሁሉም የተናገርኩት ነው፤ ለአንድ ሰው ብዬ ብለውጠው ነገ ማንንም መጠየቅ አልችልም።»

«አውቃለሁ። ዜሮ ይስጡኝ። ስሜ ብቻ ከዚያ ይነሣ።»

መምህር ታምሩ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዘው ወጡ። ማስመሪያውን ከስሟ ላይ አስተካክለው ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ በኮከቡም ላይ አሳልፈው። ከጎኑ ዜሮ ጻፉና ፈረሙበት። «ሌላውን ሰው ማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም» አሉ። «እስከ ዐርብ እጠብቃለሁ። የሠራው ሰው ራሱ ይምጣ።»

ሳባ ከግድግዳው ጥግ ቆማ ሁሉንም አይታለች። «ስሜን ነገርሻቸው?» አለች፣ መምህሩ ከገቡ በኋላ።

«አልነገርኳቸውም። እስከ ዐርብ እጠብቃለሁ ብለዋል።»

«ዜሮውን ወሰድሽ?»

«ወሰድኩ።»

ሳባ የተሰመረበትን ስም አየች። ወደ ቢሮው አልገባችም፤ ከበሩም አልራቀችም። ኑኃሚን ትታት ወደ ክፍል ሄደች።

ቀትር ላይ ወደ ቤት ስትመለስ የምትለውን በልቧ ደርድራ ነበር፤ የሳባን ስም ሳትጠራ፣ ከዜሮው ልትጀምር። የግቢውን በር ገፋ ስታደርግ የናፍጣ ሽታ ተቀበላት። ከዚያ ብረት ሲሚንቶ ሲፍቅ ሰማች።

እናቷ በጉልበቷ ተንበርክካ በሽቦ ብሩሽ መሬቱን ትፍቃለች። የፊተኛው ቀስት የለም። የግራውም የለም። የቀኙ ጫፉ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ኑኃሚን ቃል ሳይወጣት እሱም ጠፋ። ሰማያዊ ውሃ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«በዚህ ላይ አይደል ስትለማመጂ የከረምሽው?» አለች እናቷ ሳትቆም። «ስድስት ሳምንት ሙሉ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። አሁንስ በቃኝ።»

«አልጨፈርኩም። ሌላ ሰው ነው በስሜ የተጫወተው። ዛሬ ለቲቸር ነግሬ ስሜን አሰርዤዋለሁ።»

ብሩሹ ቆመ። «ማርኩስ?»

«ዜሮ ነው።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የልጇን ራስ ወደ ደረቷ ሳበችው። እጇ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እናቷ ከለቀቀቻት በኋላ ዓይኗ ወደ መሬቱ፣ ወደ ቀረው አንድ ቀስት ተመለሰ።

«ይኼን ታዲያ ማን ነው የቀባው?»

ኑኃሚን የኋለኛውን ቀስት አየች። ከጫፉ አጠገብ የካሌብ አውራ ጣት አሻራ ከነመስመሩ ይታያል። የእናቷን ጣቶች አየች፤ እስከ ጥፍሮቿ ሥር ድረስ ሰማያዊ ሆነዋል። እናቷ ለቀብሩ እንጂ ለካሌብ አልደረሰችም፤ የፋቀችው የእጁን ሥራ መሆኑንም አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች ኑኃሚን። «ዶርዜ እያለሽ ነው።»

«ቀለሙን ከየት አመጣሽው?»

«ካሌብ ለባጃጁ ከገዛው ተርፎ ነበር።»

እናቷ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጇን ወደ ብሩሹ ሰደደች። ኑኃሚን ቀደመቻት።

«ተይው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። ጉልበትሽን ያምሻል፣ ግቢና ታጠቢ።»

እናቷ እየተደገፈች ተነሥታ ገባች። ኑኃሚን ብሩሹን እንደያዘች ብቻዋን ቀረች። በደረቁ ሲሚንቶ ላይ፣ ቀስቱ በሌለበት በኩል፣ ጥቂት ጊዜ ፋቀች፤ ድምፁ ወደ ቤት እንዲገባ። ከዚያ ብሩሹን አስቀምጣ ቢጫውን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አቆመችው። እስከ አፉ ድረስ ሞላችው። በሁለት እጇ እያነሣች፣ እያሳረፈች ወስዳ በቀስቱ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ሸፈነው። በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ አደረገችው፤ አልጮኸም።

«ቀለሙ ለቀቀልሽ?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ለቀቀ፣ እማዬ።»