ከመኪናው በመጨረሻ የወረደው

ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው። ሳፊያ ታጋንናለች የሚል ካለ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ይምጣና ጎረቤቶቼን ይጠይቅ... እነሱም ግን አይነግሩትም። ችግሩም እሱ ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ 1979 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ኮምቦልቻ፣ አስፋልቱ ዳር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ይሄ ደግሞ ጅን የሚወጣበት ሰዓት ነው እንዴ?" እንዳትሉኝ። እኔም ያኔ እንደናንተ ነበርኩ።

ወንድሜ በሺር ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ እማ አንድ ሥራ ብቻ ነበራት። ተመላሽ ወታደር የጫነ መኪና መጣ በተባለ ቁጥር ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ። ታያለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመለሳለች።

የዚያን ቀን አክስቴ ሐዋና ጎረቤታችን እትዬ አልጣሽ አብረውን ነበሩ። መኪናው ሲቆም ተመላሾቹ ልጆች እየዘለሉ ወረዱ። ሁሉም የራሱን አቅፎ ሄደ።

አንድ ሰው ቀረ።

ቀስ ብሎ ወረደ... ቆመ... ዝም ብሎ አየን።

አክስቴ ሐዋ ዓይኗ ደካማ ነው፤ አፏ ግን አይቀደምም። "እልልልል! በሺሬ!" ብላ አቀለጠችው። እትዬ አልጣሽ ተቀበሏት። የማናውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ እልል አሉ። እኛ ዘንድ ለተመለሰ ልጅ እልል ከተባለ በኋላ "ቆይ፣ ተሳስቻለሁ" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ነውርም ነው፣ ሟርትም ነው።

እማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች።

እኔ ግን አየሁት።

በሺር አልነበረም።

በስንዝር ይረዝመዋል። በሺር ግንባሩ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለው፤ የዚህ ሰውዬ ግንባር እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

"እማ..." አልኳት በጆሮዋ። "እሱ አይደለም።"

"ዝም በይ!"

"ጠባሳውስ?"

"በረሃ የከረመ ልጅ መልኩ ይለወጣል። ዝም በይ አልኩሽ!"

ቤት ስንገባ ሰፈርተኛው ጢም ብሎ ሞላ። ሰውዬው ከራሱ አንድም ነገር አያወራም። የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

"የቦርከና ወንዝ ሊወስድህ ሲል ጎትቼ ያወጣሁህ እኔ አይደለሁ? ረሳኸኝ?" አሉት እትዬ አልጣሽ።

"እርስዎ ነዎት ያወጡኝ" አለ።

በማግስቱ ያንኑ ለሌላ እንግዳ ሲያወራ ሰማሁት። ውሃው እንዴት እንደቀዘቀዘው... እትዬ አልጣሽ ምን ለብሰው እንደነበር... እሳቸው ራሳቸው የረሱትን ሁሉ።

"ያቺ ጠባሳህ ዛሬም አለች!" ብላ አክስቴ ሐዋ ልሙጡን ግንባሩን ደባበሰችው።

"አለች፣ አለች" አለ የተቀመጠው ሰው ሁሉ። "ማሻአላህ!"

ሲነጋ... ጠባሳው ግንባሩ ላይ ነበረ።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከተማርኩት ሁሉ ያልረሳሁት ግን የጋሽ ፈንታሁንን ነገር ነው። አስተማሪያችን ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር መስመር አሰመሩና "እኩል ናቸው ወይስ አይደሉም?" አሉን። ልጆቹን ለካ ቀድመው መክረዋቸዋል፤ ሁሉም በየተራ "እኩል ናቸው" አለ። ተራዬ ሲደርስ እኔም፣ ምላሷ የማይታጠፈው ሳፊያ፣ "እኩል ናቸው" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"አይዞሽ" አሉኝ። "ይሄን ውጭ አገር የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ላይ ሞክረውታል። ብዙዎቹ ቢያንስ አንዴ እንዳንቺ ብለዋል። ሰው ብቻውን ከመቆም የገዛ ዓይኑን መካድ ይቀለዋል።"

ስለዚህ እሳቸው ጋ ሮጥኩ።

"ጋሼ፣ በሺርን አስተምረውታል። መጥተው ይዩልኝ።"

መጡ። ሰውዬውን አዩት... ብዙ አዩት። ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው ሲደርቅ አየሁ።

"በሺር... እንኳን ለቤትህ አበቃህ" አሉት።

በር ላይ ደረስኩባቸው።

"እሱ ነው?"

"አይደለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ለምን...?"

"ሁሉም ያዩኝ ነበር እኮ፣ ሳፊያ... አፌ በራሱ ተናገረው።"

ከዚያ ወዲህ በደጃችን አላለፉም።

ከርሞ መኪና መጣ ተባለ።

"እማ፣ ተነሽ እንውረድ።"

"ማንን ልንቀበል?" ብላ ሳቀችብኝ። ሰውዬው ከጎኗ ተቀምጦ እሱም ሳቀ... እንደሷ አድርጎ።

እማ ካልወረደች በሺርን የሚጠብቀው ማነው? የባሰው ደግሞ... ዓይኔን ጨፍኜ የወንድሜን ፊት ስፈልግ የሚመጣልኝ የዚያ ሰውዬ ፊት ሆኗል።

ብቻዬን ወረድኩ።

ከወታደሮቹ መሀል አንድ ከሲታ ሰው ወደኔ ሮጠ። አላውቀውም።

"ቁንጫ!" አለኝ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ በሺር ብቻ ነው፤ ያውም ሁለታችን ብቻ ስንሆን። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቤት ላለው ሰውዬም።

"ቁንጫ፣ እማስ? ለምን አልመጣችም?"

ላቅፈው እጄን ዘረጋሁ። ወላሂ ዘረጋሁ! ፊቱን አየሁት... አየሁት... የማውቀው ነገር አጣሁበት።

"ወንድሜ ቤት ነው" አለ አፌ።

"ቤት ያለው... ማነው?"

የደሴ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል ዘልዬ ገባሁ።

አውቶቡሱ ዳገቱን ጀመረ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ያን ከሲታ ሰው መንገዱ ዳር ቆሞ አየሁት። በሚቀጥለውም ላይ... ቀድሞን ደርሷል። ከዚያ በሚቀጥለውም።

"እዩት!" ብዬ ጮህኩ። "ሰው ቆሟል! ሹፌር፣ አቁምለት!"

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት በመስኮቴ አዩ። አይተውታል፤ ዓይናቸው ሲፈጥ አይቻለሁ።

"የታለ?" አሉና ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው ጎን፣ ወደ ገደሉ አዞሩ።

ከኋላቸው ያለችው ሴት እሳቸውን አይታ አዞረች። ቀጥሎ ባሏ። ቀጥሎ ረዳቱ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ የታዘለ ሕፃን ሳይቀር፣ ወደ ገደሉ ዞረ።

በእኔ በኩል ያለው መስታወት ተንኳኳ።

ከውጭ። አውቶቡሱ እየሄደ።

ቀስ ብሎ... በመዳፍ።

አንገቴ ሳላዝዘው፣ እንደ ሁሉም፣ ወደ ገደሉ መዞር ጀመረ።